ለቀሰም የተነገረ እውነት

ፋኢዛ ሸረፈዲን መጀመሪያ ያየችው ቀሚሱን አይደለም፤ ስህተቱን ነው።

ዓርብ ጠዋት ነበር። ኮምቦልቻ ባለችው አነስተኛ የሽመና ማሠልጠኛ ውስጥ ስድስት ተማሪዎች እግራቸውን ወደ ሽመናው ጉድጓድ ሰደው ተቀምጠዋል። ፋኢዛ በመካከላቸው እየዞረች የላላውን ድር ታጠብቃለች፣ የተዛባውን ታስፈታለች። «ፍቺው» የምትለው ቃል ከአፏ አይጠፋም። ተማሪዎቿ ከኋላዋ «ቲቸር ፍቺው» እያሉ እንደሚጠሯት ታውቃለች፤ አውቃም አልተቀየመች። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል በሚባልበት አገር መወርወሪያ የጨበጠች ሴት ስንት ስም ይወጣላታል፤ ይሄኛው እንዲያውም የሚያስመሰግን ነው።

ነፃነት የምትባለው ተማሪዋ ዘግይታ ገባች። በማግስቱ የኳየር ጓደኛዋ ሰርግ ነውና ከሰኞ ገበያ የገዛችውን አዲስ ቀሚስ ለመምህሯ ልታሳይ ለብሳው መጥታለች። በሩ ላይ እንደቆመች አንዴ ተሽከረከረች።

«እንዴት ነው ቲቸር? የተሸመነ ነው የሚመስለው አይደል?»

ፋኢዛ ፈገግ ማለት ጀምራ ነበር፤ ፈገግታው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። በቀሚሱ ጫፍ ዙሪያውን የሚሄደው ጥለት የአባቷ ነው። አቶ ሸረፈዲን ኩታበር ሳሉ በጉልምስናቸው ከራሳቸው ያፈለቁት፣ ትንሽ ዓይን በትልቅ ዓይን ውስጥ የተቀመጠበት፣ ከእሷ በቀር ለማንም ያላስተማሩት ጥለት። ይህ ብቻ ቢሆን «አንድ ዓይነ ፈጣን አይቶ ቀዳው» ብላ ታልፈው ነበር። ግን የእያንዳንዱ ዓይን ግራ ጎኑ ዝቅ ብሏል። አራተኛው ረድፍ ላይ ሦስት ድር መነሳት ሲገባው ሁለት ብቻ ተነስቷል። ያን ስህተት የሠራ እጅ በዚህች ምድር ላይ አንድ ብቻ ነው፤ የሁዘይፋ እጅ።

ሁዘይፋ ደሴ ፒያሳ ላይ የባህል ልብስ መደብር ያላቸው የሐጃ ጣይባ ልጅ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት «ሸማ ስንገዛ እንዳንታለል ሙያውን ልየው» ብሎ ለሦስት ወር ሊማር መጣ። ሦስት ወሩ አለቀ፤ እሱ ግን ከኮምቦልቻ መንገድ አልጠፋ አለ። አንድ ቀን የአባቷን ጥለት አስጀመረችውና ስትመለስ ስንዝር ሙሉ አዛብቶ አገኘችው። «ፍታው» ልትል አፏን ስትከፍት ቀና ብሎ አያት። ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ፣ ልክ እንደሠራ እርግጠኛ ሆኖ። ፋኢዛ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስህተት አይታ ዝም አለች። ሲጨርስ ነግራው ተሳሳቁ፤ «ይቅር፣ አትፍታው። በሺህ ሸማ መካከል እጅህን እለይበታለሁ» አለችው። ቁራጩን ቆርጦ ወሰደ። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጨዋለሁ፣ ማታ ማታ አወጣዋለሁ ይላት ነበር።

አሁን ያች ድክመቷ በየቀሚሱ ላይ ታትማ ሰው ይሻማባታል።

የነፃነትን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ገለበጠችው። በእጅ የተሸመነ ጥለት ከጀርባውም ይታያል። ይሄኛው ጀርባው ነጭ ነው፣ ምንም የለበትም። ማሽን ያተመው ነው።

«ከማን ገዛሽው?»

«ሰኞ ገበያ ነው ቲቸር። የሚያከፋፍሉት ግን ሐጃ ጣይባ ናቸው አሉ። እይው፣ ስማቸውም አለበት።» አንገትጌው ውስጥ የተሰፋችውን ጨርቅ አወጣች። «የጣይባ ጥለት» ትላለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን በማግስቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የሐጃ ጣይባ ሽማግሌዎች ፋኢዛን ለሁዘይፋ ሊጠይቁ ቤቷ ይመጣሉ። ሁለት ዓመት «የሸማኔ ልጅ ደጄን አትረግጥም» ሲሉ የኖሩት ሴትዮ ከሁለት ወር በፊት በድንገት ልባቸው ራርቶ ሽማግሌ እልካለሁ ሲሉ፣ ፋኢዛ አላህን አመስግና ነበር። አሁን ምስጋናዋ ሁሉ አፏ ውስጥ መረረ።

«መቀነቱን አውሺኝ» አለች ነፃነትን፣ ያው ጥለት ወደታተመበት የቀሚሱ መታጠቂያ እያመለከተች። «እመልስልሻለሁ።»

*

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። መኪናው የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲያያዘው ከጎኗ የተቀመጡ አንዲት እናት ፊቷን አይተው፣ «ምነው እቴ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» አሏት።

«ገና ነው» አለች።

ሴትዮዋ እስከ ደሴ ድረስ ሌላ ቃል አልተነፈሱም።

ሐጃ ጣይባ መደብራቸው ውስጥ ለደንበኛ ቀሚስ እየዘረጉ ነበር። ፋኢዛን ሲያዩ ፊታቸው በማር የተቀባ መሰለ። «ነይ ግቢ የኔ ልጅ! ሙሽራ እኮ ከቤት አይወጣም፣ ምን እግር ጣለሽ?»

ፋኢዛ መቀነቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ሐጃ፣ ይሄ ጥለት የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! ስሜ አለበት አይደል?»

«የአባቴ ነው።»

ደንበኛዋ ነገር ስትሸት ቀሚሱን ትታ ወጣች። ሐጃ ጣይባ የሄደችውን ደንበኛ በዓይናቸው ሸኙና ማሩን ከፊታቸው ጠረጉት። «ጥለት የአላህ ነው። አባትሽ ጉድጓዱ ውስጥ ይዞት ሊቀበር ነበር፤ እኔ አገር አለበስኩት። ደሞስ ነገ ቤተሰብ ልንሆን አይደል? በቤተሰብ መሀል የኔ ያንቺ ምንድን ነው?»

«ቤተሰብ ከመሆናችን በፊት ነው የወሰዱት።»

«እንግዲህ ስሚ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ፒያሳ ሙሉ እየሳቀብኝ ሸማኔ ቤት ሽማግሌ የምልከው ለምን ይመስልሻል? ለቁንጅናሽ? ልጄ ከኔ ጋር የተዋዋለውን ያውቃል። አንቺም እወቂው።»

ከኋላ ያለው የዕቃ ቤት መጋረጃ ተገለጠና ሁዘይፋ ሁለት ጥቅል ጨርቅ ታቅፎ ወጣ። ፋኢዛን አየ፤ ከዚያ መቀነቱን አየ። ጥቅሎቹን ቀስ ብሎ መሬት አኖራቸው። አንድም «ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀም፤ ይሄ አለመጠየቁ ነው ፋኢዛን የወጋት።

ወደ ውጭ ወጣች፤ ተከተላት። ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እያስጮኹ በሚተላለፉበት የፒያሳ አስፋልት ዳር ፊት ለፊት ቆሙ።

«አላውቅም ነበር በለኝ» አለችው። «ውሸትም ቢሆን በለኝ።»

ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። «አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ወር ሆነው።»

«ሁለት ወር! ሁለት ወር ሙሉ ከአባቴ ጋር እየተቀመጥክ፣ 'አባ ዓይንዎን እንዴት አደረገዎት' እያልክ…»

«ነግሬሽ ነበር ፋኢዛ! ወሏሂ ነግሬሻለሁ። ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር።»

«የምን ደብዳቤ?»

«ቀዩ ክር… ለኒካሽ ኩታ ብዬ የሰጠሁሽ ቀሰሞች። ከአንዱ ውስጥ ነው። አልሸመንሽበትም እንዴ?»

ቀሰም ማለት መወርወሪያው ውስጥ የምትገባዋ፣ ማጉ የሚጠቀለልባት ትንሽ መቃ ናት። ሁዘይፋ ከሁለት ወር በፊት በቀይ ክር የተጠቀለሉ አሥራ ሁለት ቀሰሞች ሰጥቷት ነበር። ከአንዷ ላይ ወረቀቱን ጠቅልሎ፣ በወረቀቱ ላይ ክሩን አጠንጥኖ። እሷ ሸምና ሸምና ክሩ ሲያልቅ ወረቀቱ ጋ ትደርሳለች ብሎ። የነጋዴ ልጅ! በፋኢዛ ቤት ወግ የሽማግሌ ቃል ሳይታሰር የሙሽራ ኩታ አይጀመርም፤ ቀድሞ የተጀመረ ኩታ ሳይለበስ ይቀራል ይባላል። ቀሰሞቹ ሁለት ወር ሙሉ ሙዳዩ ውስጥ ከነክራቸው ተኝተዋል። በሽመና ቤት ሁለት ዓመት ሲመላለስ ይህን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

«መልስሽን ስጠብቅ ነበር» አለ ሁዘይፋ፣ ድምፁ እየሰለለ። «ምንም ሳትይኝ ስትቀሪ… አንብበሽ ይቅር ያልሽኝ መሰለኝ።»

ፋኢዛ ሳቀች። መጥፎ ሳቅ ነበር። «እኔ ስስቅልህ ይቅርታ መሰለህ? እኔ እኮ የሳቅኩት ስላላወቅሁ ነው።»

«ፋኢዛ…»

«ለቀሰም ነው የነገርከው። ለእኔ አልነገርከኝም።»

የመጣላትን ባጃጅ አስቁማ «መናኸሪያ» ብላ ገባች። ወደ ኋላ ዞራ ማየት አማራት፤ ባማራትም ጊዜ በራሷ ላይ የባሰ ተናደደች።

*

ኮምቦልቻ ቤቷ ስትደርስ ገና ከሰዓት ነበር። አባቷ በረንዳው ላይ ከሽመና ዕቃቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ባይሸምኑም ከዚያ ቦታ አይነሱም። ሰላም ሳትላቸው አልፋ ሙዳዩን አወረደች። አንደኛዋን ቀሰም ይዛ ክሩን ትጎለጉለው ጀመር። ምንም የለም። ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ ምንም የለም። ቀዩ ክር ጉልበቷ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተከመረ፤ ክር ማባከን ነውር በሆነበት ቤት ያን ሁሉ ክር አመሰቃቀለችው። ሰባተኛዋ ላይ ጣቷ ወረቀት ነካ።

«ፋኢዛ፤

ያን ቁራጭ ከመሳቢያዬ ያወጣችው እናቴ ናት። ለማተሚያ ሰጥታው ሺህ ሜትር ከታተመ በኋላ ነው ያወቅሁት። ጮህኩባት። እሷም 'አፍህን ከዘጋህ ለሸማኔዋ ሽማግሌ እልክልሃለሁ፣ ካልዘጋህ በሕይወቴ አልድርህም' አለችኝ። ሁለት ዓመት የለመንኳት ነገር ነውና አፌን ዘጋሁ። ሌሊት ግን አልተኛልኝም። ፊትሽን እያየሁ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሌላ አውርቼ ተመለስኩ። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። እጅሽ ሲደርስበት ትወቂው። ብትረግሚኝም ይገባኛል። ሁዘይፋ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በመጀመሪያው እንባዋ መጣ፤ በሁለተኛው ደረቀ። ሦስት ጊዜ መጥቼ ይላል! እነዚያን ሦስት ቀናት ታስታውሳቸዋለች። በአንዱ ቀን ስለ ዝናብ ነበር ያወራት።

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉ አባቷ ከበረንዳው። «ክር ሲፈታ እሰማለሁ።»

ልትደብቃቸው አሰበች። ወዲያው ግን፣ እኔም እንደ እሱ ልሆን ነው? አለችና መቀነቱን እጃቸው ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አቶ ሸረፈዲን ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ገለበጡና ጀርባውንም ዳሰሱት። የሽማግሌው ጣት በለሰለሰ ጨርቅ ላይ ወዲያ ወዲህ ብሎ የሚይዘው አጣ።

«እዚህ ላይ የኔ ጥለት አለ ነው የምትይኝ?»

«አለ አባ።»

«እኔ አላገኘሁትም።» መቀነቱን መለሱላት። ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ አባቷን በዚህ ዕድሜያቸው ተቆጥተው አይታ አታውቅም ነበር። «እኔን ተይኝ። እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ሰርቀውኝም በላሁ ሳይሰርቁኝም በላሁ። አንቺ ምን ልትይ ነው?»

«ነገ አትምጡ ልበላቸው?»

«ተይ! የመጣ ሽማግሌ ከደጅ አይመለስም። ይግቡ። ከዚያ መልሱ ያንቺ ነው፤ እኔ እንደ አባቶቼ በልጄ አፍ አልናገርም።»

ፋኢዛ ጉልበታቸውን ሳመች። ንዴቷ ግን ከዚያ በኋላ ባሰ፤ እኒህን ሰው ነው የደፈሯቸው።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች በሐጂ ሙንዚር መሪነት ገቡ። ሐጂ ሙንዚር በደሴ ያልታረቀ ባልና ሚስት ቢኖር እሳቸው ያልሰሙት ብቻ ነው የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ዱዓ ተደረገ፣ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ አዝመራው ተወራ። ከዚያ ሐጂ ሙንዚር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አያ ሸረፈዲን፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። እንደምታውቁት ድር ቢያብር አንበሳ ያስር…»

ሸማኔ ቤት ገብቶ ይህን ተረት ሳይተርት የወጣ እንግዳ እስከ ዛሬ የለም። አቶ ሸረፈዲን በትዕግሥት አስጨረሷቸው።

«አህለን፣ ደህና መጣችሁ። መልሱን ግን የምትሰጠው ልጄ ናት። ትግባ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ፋኢዛ መቀነቱንና ወረቀቱን ይዛ ገባች፤ ሰላምታ ሰጥታ ቆመች።

«ሁዘይፋ የት ነው?»

«ኧረ ልጄ» አሉ ሐጂ ሙንዚር፣ «ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። ወግም አይደል።»

«ውጭ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጧል። በመስኮት አይቼዋለሁ። እባክዎ ያስጠሩልኝ።»

ሁዘይፋ ገባ። አንድ ሌሊት ሰውን እንዲህ ያከሳዋል ወይ የሚያሰኝ ሆኗል። አቶ ሸረፈዲንን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ፤ መልስ አላገኘም። ፋኢዛ ወረቀቱን ዘረጋችለት።

«አንብብላቸው።»

«ፋኢዛ፣ እናቴ…»

«የጻፍከው አንተ፣ እናትየዋም ያንተ። አንብብ።»

ጀመረ። «ያን ቁራጭ ከመሳቢያዬ ያወጣችው…» ላይ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ከፊቱ የተቀመጡት ሦስቱም ሰዎች ነገ ፒያሳ ላይ ከእናቱ ጋር የሚገናኙ ናቸው። የሚቀጥለውን ቃል ካነበበ እናቱ በደሴ ቀና ብላ አትሄድም፤ ካላነበበ ፋኢዛ የለችም። አንብበው፣ አንብበው በአላህ፣ ትላለች ፋኢዛ በሆዷ፤ በዚህ መለመኗም ትናደዳለች።

ሁዘይፋ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ፋኢዛ ዓይኗን ጨፈነች።

«ወረቀት አያስፈልገኝም» አለ። ከዚያ ወደ አቶ ሸረፈዲን ዞሮ ተንበረከከ። «አባ፣ ጥለትዎን የወሰደችው እናቴ ናት። ፋኢዛ በእምነት የሰጠችኝን አጥብቄ ያልያዝኩት እኔ ነኝ። ሳውቅ 'ዝም በል፣ ሽማግሌ ልላክልህ' አለችኝ፤ ዝም አልኩ። እነዚህን ትልልቅ ሰዎች እዚህ ያመጣኋቸው በዝምታዬ ገዝቼ ነው።»

«አስተግፊሩላህ!» ሐጂ ሙንዚር ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ፊታቸው ቀላ። «እኛን የምን መሸፈኛ አደረጋችሁን? እኔ ሙንዚር የሌባ እጅ ልሸፍን ነው በዚህ ፀሐይ የመጣሁት? ስም የተሰፋበት ጨርቅ ሁሉ ተቀዶ በአያ ሸረፈዲን ስም እስኪሰፋ ድረስ ከጣይባ ደጅ አልደርስም፤ ጎረቤትም እንዳይደርስ እነግራለሁ!» ሁለቱም ጓደኞቻቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትንሽ ተንጎራደዱና በረድ ሲሉ ወደ ፋኢዛ ዞሩ። የማስታረቅ ልማዳቸው አሸነፋቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸው ለሰለሰ። «አየሽ ልጄ፣ እውነቱ ወጣ። ልጁም እናቱን ሳያተርፍ ተናገረ፤ ይሄ ቀላል አይደለም። በይ እሺ በይና ዱዓችንን አድርገን እንሂድ።»

ሁዘይፋ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አያት። ያን የመሰለ አተያይ አንድ ጊዜ አይታው ነበር፣ ያን ቀን በሽመናው ላይ። ያን ቀን ዝም አለች።

«አይሆንም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አይሆንም አልኩ ሐጂ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ወደ ሁዘይፋ ዞረች። መቀነቱን ጨበጠችው። «ዛሬ ተናገርክ። ግን ጎትቼ አስገብቼህ ነው። ባልጎትትህ ኖሮ አሁንም ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠህ እሺታዬን ትጠብቅ ነበር። ኒካ አስረን፣ ወልደን፣ አንድ ቀን ያ ክር ሲያልቅ ልሰማው ነበር!»

«ልክ ነሽ» አለ።

«ልክ መሆኔን አልጠየቅኩህም! ሽማግሌ አልፈልግም። የምትለኝ ነገር ካለህ በእግርህ ና፣ ፊቴን እያየህ ንገረኝ። ስትመጣ እሺ እንደምልህ አላውቅም። አሁን ተነስና ሂድ።»

«እመጣለሁ።»

«አትማልልኝ!»

ተነሣ። በአጠገቧ ሲያልፍ ትከሻው ትከሻዋን ሊነካ ትንሽ ቀረው፤ ሁለቱም አልተነካኩም። ሽማግሌዎቹ የተጣደፈ ዱዓ አድርገው ተከተሉት። ባጃጁ ተነሥቶ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ፋኢዛ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ መቀነቱን ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

አባቷ ድምፁን ሰምተው እጃቸውን ዘረጉላት። ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«ሁለት ዓመት የጠበቅሽውን ሽማግሌ መለስሽ» አሉ ቀስ ብለው። «አትወጂውም ማለት ነው?»

ትናንት የደረቀው የፋኢዛ እንባ አሁን ተመልሶ መጣ፤ እሱም አናደዳት፣ በእጅጌዋ ጠረገችው።

«እወደዋለሁ አባ። ባልወደው ኖሮ ጎትቼ ያወጣሁት እውነት በቃኝ ብዬ ዛሬ እሺ እል ነበር።»